በትርፍ መሬት ላይ የሚተከል ሶላር፤ ትርፉ የት ላይ ነው?

በሠፈራ ጣቢያዎችና በመጠለያ ሠፈሮች አካባቢ ለእርሻ የማይመች፣ ድንጋያማ ወይም ጨዋማ የሆነ መሬት ሳይሠራበት ይቀራል። በዚህ ትርፍ መሬት ላይ በተለምዶ ሶላር የሚባሉት፣ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ሰሌዳዎች ቢተከሉ ያዋጣል ወይ የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይነሣል። መልሱን የሚወስነው የመሬቱ ስፋት ወይም የፀሐዩ ብርታት ብቻ ሳይሆን፣ የሚመነጨው ኃይል የሚያስቀረው ወጪ መጠን ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነው በዮርዳኖስ የሚገኘው የዛታሪ የስደተኞች ሠፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በጀርመን መንግሥት እርዳታ፣ በ15 ሚሊዮን ዩሮ ወጪ፣ ከሠፈሩ አጠገብ 12.9 ሜጋዋት የሚያመነጭ ተቋም ተተከለ። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ቀደም ሲል ከባድ የኤሌክትሪክ ሒሳብ ይከፍል ስለነበር፣ ተቋሙ በዓመት 5.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያድንለት ገልጿል። ስለሆነም በአራት ዓመት ውስጥ የተከላው ወጪ ያህል ገንዘብ ይተርፋል ማለት ነው። ትርፉ የተገኘው ኃይሉ አስቀድሞ ይከፈልበት በነበረ ቦታ ላይ ስለዋለ ነው።

በአንጻሩ ኃይሉን ለዋናው መስመር ለመሸጥ ማሰብ ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በአፋርና በሶማሌ ክልሎች በዲቼቶና በጋድ ለታቀዱት ሁለት ጣቢያዎች በወጣው ጨረታ ያሸነፈው ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 2.5 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነበር። ጣቢያዎቹ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋዋት እንዲያመነጩ የታቀዱ ነበሩ። በጥቂት ሔክታር ላይ የተተከለ አነስተኛ ተቋም በዚህ ዋጋ ሸጦ ወጪውን ለመመለስ እጅግ ይቸገራል።

በአገራችን ቆላማ ወረዳዎች ትርፉ ጎልቶ የሚታየው በናፍጣ በሚሠሩ ጥልቅ የውሃ ጉድጓዶች ላይ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ከ100 ሜትር ጥልቀት ለማውጣት፣ ብክነቱ ተጨምሮ፣ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። 10 ኪሎዋት የሚያመነጩ ሰሌዳዎች በጥሩ ፀሐይ በቀን 40 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣሉ። ይህም ከ60 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ ያወጣል፤ በድርቅ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢታደል ለ4,000 ሰዎች ይበቃል። የሚይዘው ቦታ ከ150 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ይኸው ሥራ በናፍጣ ቢከናወን በዓመት ከ4,000 ሊትር በላይ ይጠይቃል። መንገድ ተቆርጦ ነዳጁ ሳይደርስ ሲቀር ደግሞ ፓምፑ ቆሞ ሰውም ከብትም ይጠማል።

ይሁን እንጂ ነዳጅ አለመግዛት ወጪ የለም ማለት አይደለም። ሰሌዳዎቹ እስከ 25 ዓመት ሊያገለግሉ ቢችሉም፣ ኃይሉን ለፓምፑ እንዲስማማ አድርጎ የሚለውጠው መሣሪያ ከዚያ ቀድሞ መተካት አለበት። አቧራው መጠረግ፣ አጥሩ መጠበቅ ይኖርበታል። የውሃ ኮሚቴው ከውሃ ሽያጭ የሚገኘውን ገንዘብ ለጥገና ካላጠራቀመ፣ ለናፍጣ ይወጣ የነበረው ገንዘብ ተረፈ ማለት ከንቱ ነው።

በመጨረሻም መሬቱ በእርግጥ ትርፍ መሆኑ ሊመረመር ይገባል። በበጋ ባዶ መስሎ የሚታየው ሜዳ በዝናብ ወራት የአርብቶ አደሩ ግጦሽ ወይም የከብቶቹ መተላለፊያ ሊሆን ይችላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሮች ለግጦሽ የሚሆን መሬት በነፃ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ስለዚህ ቦታ የሚመርጥ ኃላፊ ከካርታው አስቀድሞ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ቢጠይቅ ይበጃል። ከብቶቹን ከግጦሽ አፈናቅሎ የሚገኝ ውሃ ለማን ሊጠቅም ነው?