ያልበሰለና በጥቂቱ የበሰለ የጾም ምግብ በላስታ ደጋ፤ የጤና ባለሙያው ሊያውቃቸው የሚገቡ ነጥቦች

መግቢያ

ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በዙሪያዋ ካሉት የላስታ ተራሮች አቡነ ዮሴፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። በዚህ ደጋ ገብስ ዋነኛ እህል ነው፤ ማገዶ በማነሱም ኩበት ሳይቀር ለእሳት ይውላል። ለገና በዓል በእግሩ ቀናት ተጉዞ ወደ ላሊበላ የሚመጣው ምእመን በስንቁ የሚይዘው በአብዛኛው በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነው። ጉዞው የሚከናወነው በነቢያት ጾም ውስጥ በመሆኑ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ከስንቁ የሉም።

ከዚህም የጠበቀ ሥርዓት የሚከተሉ አሉ። በየገዳማቱና በየዋሻው ያሉ መናንያን ጥሬ ቆርጥመው፣ ቅጠል ቀንጥሰው ይውላሉ። በዋልድባ ገዳም እህል ጨርሶ የማይቀምሱት መነኮሳት ከሙዝና ከሥራ ሥር በሚዘጋጀው ቋርፍ ይኖራሉ። በሌላው ዓለም አንዳንድ ምግቦችን እየለዩ መተውና ያልበሰለ ምግብ መመገብ እንደ አዲስ ፈሊጥ ቢታይም፣ በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው። ስለሆነም ባለሙያው የዚህን አመጋገብ ጥቅምና ጉዳት ለይቶ ማወቅ ይጠበቅበታል።

የሚበላውና የሚቀረው

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የዓመቱ የጾም ቀናት እንደ ጿሚው ሁኔታ ከ180 እስከ 250 ይደርሳሉ። ከእነዚህ መካከል ዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀናት ይይዛሉ። የእንስሳት ተዋጽኦ ሲቀር በስፍራው የሚተኩት ጥራጥሬ፣ ተልባ፣ ሱፍና ኑግ ናቸው። እነዚህ በፕሮቲን፣ በጤናማ ቅባትና በአሰር የበለጸጉ ሲሆኑ፣ ጿሚው ከተጣራ ዱቄትና ከስኳር የራቀ ምግብ እንዲያገኝ ያደርጋሉ። ሆኖም ቫይታሚን ቢ12 ከዕፅዋት ስለማይገኝ፣ የጿሚው ሰውነት በፍስክ ወራት ባጠራቀመው ላይ ይተማመናል። የጤናማ አዋቂ ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ክምችት ይይዛል፤ በፍስክም ሥጋና ወተት የማያገኝ ድሀ ቤተሰብ ግን የሚተካው የለውም።

እሳትና እርሾ የሚሠሩት ሥራ

ሁሉም ያልበሰለ ምግብ አንድ አይደለም። በሶ ሲበላ እሳት ባያገኘውም ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፤ ስታርቹ በከፊል ስለበሰለ በቀላሉ ይፈጫል። ጥሬ ጥራጥሬ ግን የፕሮቲንን መፈጨት የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች አሉት። በተለይ ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ወይም በደንብ ሳይበስል ቢበላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል። ስለዚህ ቢያንስ 5 ሰዓት ተዘፍዝፎ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ በሌላ ውኃ እየተንተከተከ ሊቀቀል ይገባል። በላሊበላ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ በመሆኑ፣ ለቆላ የሚበቃው የማብሰያ ጊዜ ለደጋው አይበቃም።

ሁለተኛው ጉዳይ ፋይቴት ነው። ይህ ንጥረ ነገር ብረትንና ዚንክን አስሮ ወደ ደም እንዳይገቡ ያግዳል። የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ሲብላላ ፋይቴቱ በብዙ ይቀንሳል፤ በበሶና በቆሎ ግን መብላላት የለም። ጥራጥሬን መዘፍዘፍና ማብቀል፣ ከምግቡ ጋር ቃሪያ፣ ሎሚ ወይም ቲማቲም መጨመር፣ ቡናን ከምግብ አርቆ መጠጣት የብረትን መመጠጥ ያሻሽላሉ። እነዚህ ከጾሙ ሥርዓት ጋር የማይጋጩ ምክሮች ናቸው።

ጓያና ሲናር፤ ከወሎ የተገኙ ትምህርቶች

ከላስታ ብዙም በማይርቀው የደላንታ ዳውንት ወረዳ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተከሰተው የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ በርካታ ሰዎች እግራቸው ዳግም ላይመለስ ሰልሏል። መርዙ ቤታ-ኦዳፕ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። በአካባቢው የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት ዋና ቁም ነገር የአዘገጃጀቱን ልዩነት ነበር። ጓያን በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ የተመገቡት ይበልጥ ሲጎዱ፣ ከእህል ጋር ቀላቅለው ወይም ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር በወጥ መልክ የተመገቡት ላይ አደጋው ቀንሶ ታይቷል። ስለዚህ በድርቅ ዓመት የሚጾም ቤተሰብ ቆሎው ከምን እንደተቆላ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ1977 እና በ1978 እ.ኤ.አ. ደግሞ በወሎ ኤርጎት በተባለ ፈንገስ የተበከለ እህል የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው በድን ሆኖ ተቆርጧል፤ የሞቱም ነበሩ። ፈንገሱ የተገኘው ከገብስ ጋር በሚበቅለው ሲናር ላይ ነው። ተመሳሳይ ችግር በ2001 እ.ኤ.አ. በአርሲ ተከስቷል። መቁላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ መከላከያው እህሉን ከመቁላት በፊት አበጥሮ ጥቋቁሩን ፍሬ መልቀም ነው።

የውኃው ጉዳይ

በሶ ከተበጠበጠ ወይም ከተለወሰ በኋላ እሳት አያይም፤ ተልባም እንዲሁ። ንጽሕናቸው የሚወሰነው በውኃውና በእጁ ነው። በውኃው የሚመጡት የአንጀት ተስቦ፣ አሜባ፣ ጃርዲያና የጉበት ብግነት ናቸው። በብዛት በሚሰበሰብበት በገና ሰሞን ይህ ይበልጥ ያሰጋል። ውኃን ከ2,000 ሜትር በላይ ባለ ስፍራ ለ3 ደቂቃ ማንተክተክ በቂ ነው።

ጾሙ እንደ ምርመራ መንገድ

በሕክምና አንድን ምግብ ለተወሰኑ ሳምንታት አስቀርቶ፣ ኋላ ለብቻው መልሶ በመስጠት የሕመምን መንስኤ መለየት የታወቀ ዘዴ ነው። ዐቢይ ጾም ይህን ያለ ወጪ ያከናውናል። ሆዱ የሚነፋና የሚያስቀምጠው ሕመምተኛ በጾሙ ደህና ሆኖ በትንሣኤ ማግሥት ቢያመው፣ የወተት ስኳር አለመስማማት ሊጠረጠር ይችላል። ሆኖም በበዓል ቅባትና ሥጋም በብዛት ስለሚበላ፣ ባለሙያው ሕመምተኛው በሌላ ቀን ወተት ብቻውን በልኩ እንዲሞክር ማድረግ ይኖርበታል። በአንጻሩ ገብስና ስንዴ በጾሙ ስለማይቀሩ፣ በግሉተን የሚመጣው የሲሊያክ በሽታ በዚህ መንገድ አይለይም፤ እንዲያውም በበሶ ወራት ሊብስ ይችላል።

ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ወገኖች

ዋናው ሥጋት ያለው በሕፃናትና በእናቶች ላይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ ቁመታቸው የቀነጨረ ነበር። ሕፃናት የመጾም ግዴታ የለባቸውም፤ ነገር ግን እናቶች የማብሰያው ዕቃ በፍስክ እንዳይነካ በመስጋት ወተትና እንቁላል ሳያዘጋጁላቸው ይቀራሉ። ለሕፃኑ የራሱን ድስትና ማንኪያ መለየት ይህን ይፈታዋል። በቢ12 እጥረት የተጎዳች እናት የምታጠባው ሕፃን በወራት ውስጥ የነርቭ ጉዳት ሊደርስበት ስለሚችል፣ መዛሉና የእድገቱ መጓተት ቸል ሊባል አይገባም።

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የስኳር ሕሙማን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ሲቆዩ የደማቸው ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱም «መድኃኒቱ ጾም ይገድፋል» በሚል መጠኑን እንዳያቋርጡ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ በ2003 ዓ.ም. በደንብ ተደንግጓል፤ አዮዲን በረጅም መፍላት ስለሚባክን፣ በበሶ ላይ የሚነሰነሰው ጨው ከወጥ ጨው ይልቅ አዮዲኑን ይጠብቃል። ይህም ያለ እሳት የመመገብ አንዱ ጥቅም ነው።

ማጠቃለያ

ጿሚን «ጾምህን ተው» ማለት ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛውን ከጤና ጣቢያው ያርቀዋል እንጂ አመጋገቡን አይለውጥም። ሥርዓቱ ለታመሙ፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች በንስሐ አባት ምክር የሚሰጥ ፈቃድ ስላለው፣ ባለሙያው ከካህኑ ጋር አስቀድሞ ቢመካከር ምክሩ ይሰማል። በየጾሙ መግቢያ እያንዳንዱን ሕመምተኛ ምን እንደሚበላ፣ በምን ውኃ እንደሚበጠብጠው፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት እንደሚወስድ መጠየቅ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ሲሆን፣ ከላይ የተዘረዘሩትን አብዛኞቹን ጉዳቶች ሳይደርሱ ለማስቀረት ያስችላል።