አገር ጐብኚ የሚያመጣው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል?

አገር ጉብኝት ወይም ቱሪዝም ለአንድ አገር የሀብት ምንጭ መሆኑ ዛሬ ብዙ ክርክር የሚያስነሣ ነገር አይደለም። መንግሥታት ስለዚሁ ሥራ መግለጫ በሚያወጡበት ጊዜ አስቀድመው የሚያስታውቁት በዓመቱ ውስጥ ስንት እንግዶች እንደ ገቡ ነው። በበር የገባውን ሰው መቍጠር ቀላል ነው፤ ሰውዬው የከፈለው ገንዘብ በማን እጅ እንደ ቀረ መከታተል ግን አስቸጋሪ ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። ለምሳሌም የላሊበላን ከተማ ወስደናል፤ ምክንያቱም የከተማዪቱ ኑሮ ከእንግዳ ጋር እጅግ የተሳሰረ ስለሆነ፣ የቱሪዝም ጥቅሙም ጕዳቱም በእርሷ ላይ ጐልቶ ይታያል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የማይታይ የውጭ ንግድ

የኤኮኖሚ ሊቃውንት ቱሪዝምን ከማይታየው የውጭ ንግድ ክፍል ይቈጥሩታል። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ከቡና ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ቡና ከጅማ ወይም ከሲዳማ ተለቅሞ፣ ደርቆ ወይም ታጥቦ፣ በጆንያ ተሞልቶ እስከ ጅቡቲ ወደብ ይጓዛል፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ለገዢው ሲደርስ ዋጋው በውጭ ገንዘብ ይከፈላል። በቱሪዝም ግን የሚጓዘው ዕቃው ሳይሆን ገዢው ነው። ቤተ ጊዮርጊስን በመርከብ ጭኖ መላክ አይቻልም፤ ሊያየው የሚወድ ሁሉ የመጓጓዣውን ዋጋ ራሱ ከፍሎ ይመጣል፤ አይቶም ሲመለስ ሕንጻው ባለበት ይቀራል። የሚከፍለው ገንዘብ ግን እንደ ቡናው ዋጋ ሁሉ የውጭ ምንዛሪ ነው። አንድ አገር መድኃኒት፣ ነዳጅና የፋብሪካ መሣሪያ ከውጭ የሚገዛው በዚህ ምንዛሪ ስለሆነ የንግዱ ጥቅም ከሆቴል ቤት በጣም ርቆ ይሄዳል።

ንግዱ ምን ያህል እንደ ሰፋ ሁለት ቍጥሮች ያስረዳሉ። በ1950 በዓለም ላይ ከአገር ወደ አገር የተጓዙት ጐብኚዎች 25 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ በ2019 ግን ከ1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። እስፓንያ በ1960ዎቹ ዓመታት ለኢንዱስትሪዋ የሚያስፈልጋትን መሣሪያ ከውጭ ለመግዛት ከረዷት የገንዘብ ምንጮች አንደኛው ወደ ባሕር ዳርቻዎቿ የመጣው ጐብኚ ያፈሰሰው ገንዘብ ነው።

አገራችንም በዚህ ንግድ ለመግባት ዘግይታለች ለማለት አይቻልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1945 መጨረሻ ተቋቋመ። በ1961 የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ሥራውን ሲጀምር መሪው አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ፤ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውም የታወቀ መፈክር የእርሳቸው ሐሳብ ነው። ባሕር ዳርን፣ ጐንደርን፣ አክሱምንና ላሊበላን በአውሮፕላን የሚያገናኘው የታሪክ ጉዞ መስመር በጐብኚዎች ዘንድ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው። በ1978 የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች መካከል ተመዘገቡ።

ገንዘቡን እንከተለው

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። አንድ እንግዳ በአንድ ሆቴል 1,000 ብር ከፈለ እንበል። ይህ ገንዘብ ሁሉ ለከተማው ገቢ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ባለሆቴሉ ከተቀበለው ገንዘብ ላይ ከውጭ አገር ለመጣ የታሸገ ምግብ፣ ለመጠጥ፣ ለዘይት፣ ለመኪና መለዋወጫና ለመሳሰለው ይከፍላል። እንግዳው ጉዞውን በአገሩ ሳለ ከአንድ የጉዞ ኩባንያ ገዝቶ እንደ ሆነ ደግሞ ከዋጋው ከፊሉ አገራችንን ሳያይ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ከአገር የሚወጣውን ገንዘብ በሚያፈስ እንስራ ውስጥ ካለ ውሃ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። እንስራው ቢሞላም ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ቤተ ሰቡ የሚጠጣው ውሃ ጥቂት ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ሁለት ሆቴሎችን በሐሳብ እናቋቁም። ቍጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የተመረጡ እንጂ ከማንም ሆቴል መዝገብ የተወሰዱ አይደሉም። የመጀመሪያው ሆቴል ከ1,000 ብር ላይ 700ውን ከከተማው ውጭ ለሚመጣ ዕቃ ያወጣና 300ው በከተማው ይቀራል። ሁለተኛው ሆቴል ደግሞ እንቍላሉን፣ ማሩን፣ አትክልቱንና በጉን ከአካባቢው ገበሬ፣ ወንበሩን ከከተማው አናጢ ይገዛል፤ ስለዚህ 300ው ወጥቶ 700ው ይቀራል።

የቀረው ገንዘብ ደግሞ ተኝቶ አይቀመጥም። ደመወዝ የተቀበለችው ወጥ ቤት ሠራተኛ ለልጇ ልብስ ታሰፋለች፤ ልብስ ሰፊው ጤፍ ይገዛል፤ ጤፍ የሸጠው ገበሬ ማረሻውን ያሠራል። ከእጅ ወደ እጅ በተላለፈ ቍጥር ግማሹ በከተማው ተመልሶ ይወጣል ብለን ብናስብ 300ው ብር 150፣ ከዚያም 75፣ ከዚያም 37 ብር ከ50 እያለ በድምሩ ወደ 600 ብር ገቢ ይሆናል። በሁለተኛው ሆቴል የቀረው 700 ብር ግን በዚሁ አኳኋን ወደ 1,400 ብር ይደርሳል። እንግዲህ የመጀመሪያው ሆቴል ሁለት እንግዶች ተቀብሎ ለከተማው የሚያስገኘው 1,200 ብር ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ እንግዳ 1,400 ብር ያስገኛል ማለት ነው። በበር የገባውን ሰው ብቻ የሚቈጥር መዝጋቢ የመጀመሪያውን ሆቴል ያመሰግናል፤ ከተማው ግን የሚጠቀመው ከሁለተኛው ነው።

ይህ ልዩነት በሆቴሎች መካከል ብቻ ሳይሆን በአገሮችም መካከል አለ። የማልዲቭ ደሴቶች በ1972 የመጀመሪያውን የመዝናኛ ሆቴል ከፍተው ዛሬ ኑሯቸው በአመዛኙ በእንግዳ የቆመ ነው፤ ነገር ግን የሚታረስ መሬታቸው በጣም ጥቂት ስለሆነ የእንግዳቸውን ምግብ በብዛት ከውጭ ማስመጣት ግድ ሆኖባቸዋል። የኢትዮጵያ ሁኔታ ከዚህ የተለየ ነው። ከሆቴሉ በር ጥቂት ራቅ ብሎ እርሻ አለ፤ ንብም በግም አለ። የጐደለው ነገር የገበሬው ምርት በተፈለገበት ቀን፣ በተፈለገው መጠንና ጥራት ወደ ሆቴሉ የሚደርስበት ሥርዐት ነው።

ሥራና ሠራተኛ

ከወረርሽኙ በፊት በ2019 የወጡ ዓለም አቀፍ ግምቶች፣ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከጉዞና ከጉብኝት ጋር በተያያዘ ሥራ የሚተዳደረው ሰው ከ10 ሠራተኞች አንዱ ያህል ነው ይላሉ። የቱሪዝም ሥራ የሰው እጅ የሚፈልግ ስለሆነ መኪና በቶሎ አይተካውም፤ አልጋ የሚያነጥፍ፣ ምግብ የሚያቀርብ፣ መንገድ የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል።

በላሊበላ ሥራው በሦስት ተርታ ተከፍሎ ይታያል። በመጀመሪያው ተርታ ከእንግዳው ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙት ይገኛሉ፤ እነርሱም የሆቴል ሠራተኞች፣ አስጐብኚዎች፣ ሹፌሮች፣ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጣ እንግዳ በቅሎ የሚያከራዩ ሰዎች ናቸው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገባ ሁሉ ጫማውን ማውለቅ ስላለበት የእንግዶችን ጫማ በመጠበቅ የሚተዳደሩም አሉ። በሁለተኛው ተርታ ያሉት ለእነዚህ ዕቃ የሚያቀርቡት ናቸው፤ በቅዳሜ ገበያ የሚሸጠው ገበሬ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ ሸማኔው፣ መስቀል የሚቀርጸው አንጥረኛ ከነዚህ ይቈጠራሉ። በሦስተኛው ተርታ ደግሞ ጐብኚ የሚባል ሰው ቀርበው ሳያነጋግሩ፣ ከሁለቱ ወገኖች በሚወጣው ገንዘብ የሚኖሩት ባለሱቅ፣ ልብስ ሰፊና ግንበኛ ይገኛሉ። የመጀመሪያውን ተርታ ብቻ የቈጠረ ሰው የቱሪዝምን ሥራ አሳንሶ ያያል፤ ችግር በመጣ ጊዜም የሚጐዱት እነማን እንደ ሆኑ አይገነዘብም።

የሥራው ጠባይ ግን አንድ ጉድለት አለው። መፈክሩ የ13 ወር ፀጋ ቢልም እንግዳው በ13ቱ ወራት እኩል አይመጣም። በመስከረም ለመስቀል፣ በታኅሣሥ ለገና፣ በጥር ለጥምቀት ሲጐርፍ የአልጋ ዋጋ ይወደዳል፤ በክረምት ግን ሆቴሎች ባዶ ይሆናሉ። ስለዚህ በጥር ወር ሥራ ያለው ሰው በሐምሌ ሥራ ፈት ሊሆን ይችላል። ለአንድ ዓመት ልጅ የሚያሳድግ ሰው የሚያስፈልገው የ12 ወር እንጀራ ነውና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

እንግዳው የቀረ ጊዜ

ከወቅት መለዋወጥ የከፋ ፈተና የደረሰው ባለፉት ጥቂት ዓመታት ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ድንበሮችን ባዘጋ ጊዜ የዓለም ጐብኚዎች ቍጥር ካለፈው ዓመት ከ70 በመቶ በላይ ወደቀ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ፤ በነሐሴ 2021 ላሊበላ ደረሰ፤ እስከዚያው ዓመት መጨረሻም ከተማዪቱ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እጅ ተመላለሰች። የጦርነቱ ማቆሚያ ስምምነት በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ ከተፈረመ በኋላ እንኳ በ2023 በአማራ ክልል ሌላ ግጭት በመነሣቱ የውጭ እንግዳ እንደ ቀድሞው ሊመለስ አልቻለም።

ቡና ለአንድ ዓመት ሳይሸጥ ቢቀር ከፊሉን በጎተራ አቈይቶ በኋላ መሸጥ ይቻላል። ያለ እንግዳ ያደረ አልጋ ግን ለከርሞ አይቀመጥም፤ ያች ሌሊት አልፋለች። በላሊበላም ሦስቱ ተርታ በየተራ ተነኩ፤ ሆቴሉ ሲዘጋ ወጥ ቤቷ፣ ወጥ ቤቷ ስትቸገር ልብስ ሰፊው፣ ልብስ ሰፊው ሲያጣ ጤፍ ሻጩ። ቀደም ሲል ገንዘቡን ከእጅ ወደ እጅ ያበዛው መንገድ አሁን ችግሩን አበዛው። ከዚህ የምንማረው እንግዳን መጥላት አይደለም፤ አንድ ከተማ በአንድ እግር ብቻ መቆም እንደሌለባት ነው።

ሦስተኛው ቀን

በአገራችን የእንግዳ ክብር በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ቀን ብር፣ በሦስተኛው ቀን ብረት ነው የሚል አባባል አለ። በቱሪዝም ሒሳብ ግን ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ጠዋት በአውሮፕላን ደርሶ 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት በጥድፊያ አይቶ በማግሥቱ የሚሄድ እንግዳ የሚከፍለው ለአንድ አልጋና ለአንድ አስጐብኚ ነው። ሦስተኛውን ቀን የሚያድር እንግዳ ግን ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ይሄዳል፣ በቅሎ ይከራያል፣ ገበያ ይወጣል፣ ጠጅ ይቀምሳል። ገንዘቡ ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ተርታ የሚወርደው በዚህ ቀን ነው። ስለዚህ አዲስ እንግዳ ለማምጣት ከሚደረገው ድካም ጋር የመጣውን እንግዳ ለአንድ ሌሊት ለማቈየት የሚደረገው ጥረት እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

በሌላው በኩል ደግሞ ዋናውን ገንዘብ መብላት አይገባም። አብያተ ክርስቲያናቱ የተፈለፈሉበት ድንጋይ በዝናብም በእግርም ይጐዳል፤ ከአንዳንዶቹ በላይ መጠለያ የተሠራውም ስለዚህ ነው። ከዚህም በላይ ቦታው ትርኢት ማሳያ ሳይሆን ካህናት የሚቀድሱበት፣ ምእመናን የሚሳለሙበት ቤተ ጸሎት ነው። እንግዳ ሊያይ የሚመጣው ይህንኑ ሕያው አምልኮ ነውና፣ አምልኮው በእንግዳ ብዛት ቢታወክ ሥራው የራሱን ሥር ይቈርጣል።

ከዚህ ሁሉ የደረስንበት ሐሳብ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ የቱሪዝም መለኪያ የገባው ሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን በአገርና በከተማ የቀረው ገንዘብ ይሁን። ሁለተኛ፣ በየአካባቢው ያሉ ገበሬዎችና ሆቴሎች በማኅበር ተዋውለው ምርት የሚያቀርቡበትና የሚገዙበት መንገድ ይደራጅ። ሦስተኛ፣ በጥር ከሚገኘው ገቢ ለክረምትና ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የሠራተኞች ቍጠባ ይቋቋም። አራተኛ፣ ለገና ወደ ላሊበላ የሚሳለም ኢትዮጵያዊም እንግዳ መሆኑ አይዘንጋ፤ የውጭ ምንዛሪ ባያመጣም ድንበር ሲዘጋ የሚመጣው እርሱ ነውና።

እንግዳ ተቀባይነት የአገራችን የቈየ ልማድ ነው፤ ሒሳቡን በሚገባ መያዝ ግን ገና የምንማረው ሙያ ነው። የእንግዳው መምጣት በአየር ማረፊያ መዝገብ ብቻ ሳይሆን በጤፍ ሻጩም ቤት የሚታወቅ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ቱሪዝም ለአገር ጠቀመ ብለን በእርግጥ ለመናገር እንችላለን።