ሩብ ኪሎ አጃ ስንት ኩባያ ነው?

ሰሞኑን በቴሌግራም የሚዞር አንድ የማብሰያ ሰንጠረዥ «1 ኩባያ 250 ግራም ነው» ይላል። የምን ኩባያ? የምን እህል? አይናገርም። እዚህ ጉለሌ አንዲት ጎረቤቴ አምናው ለአራስ ልጇ አጥሚት ልትሠራ ተነሣች። አሠራሩ 250 ግራም የተዳመጠ አጃ ይላል፤ እሷም አንድ ኩባያ ሰፍራ ጨመረች። «እማዬ፣ ይሄማ ውሃ ነው» አለች አራሷ።

ሰንጠረዡ እውነት የሚሆነው ለውሃ ነው። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ ውሃ ሲሞላ 250 ግራም ይመዝናል። ያንኑ ኩባያ የተዳመጠ አጃ ሳልጠቀጥቅ ሞልቼ ስመዝነው ግን 90 ግራም ገደማ ነው።

የቀረው የት ሄደ? አየር ነው። የአጃው ቁስ ራሱ በሚሊ ሊትር 1.3 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ 90 ግራሙ ከኩባያው የሚይዘው 70 ሚሊ ሊትር ያህሉን ብቻ ነው። የተዳመጠ ፍሬ ቅጠል ሆኗል፤ አንዱ በሌላው ላይ ተጋድሞ ድልድይ ይሠራል፣ ከድልድዩ ሥር ባዶ ይቀራል። ከእንጦጦ የሚወርድ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ጆንያውን ወጥሮት ሳለ ሲያነሡት እንደሚቀለው ማለት ነው። ጤፍ ግን ድቡልቡል ስለሆነ እየተንከባለለ ክፍተቱን ይሞላል፤ ያው ኩባያ 200 ግራም ገደማ ይይዛል። የአጃ ቅንጬም ከተዳመጠው እጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

(እፍጋት የሚለው ቃል እዚህ ያስቸግረኛል። በትምህርት ቤት የተማርነው እፍጋት የቁሱ የራሱ ነው፤ እኔ የማወራው ቁሱና በመሀሉ ያለው አየር አብረው ተቆጥረው ነው። «የክምር እፍጋት» ብዬዋለሁ፤ የተሻለ ቃል ያለው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።)

አሁን ኩባያውን ጠረጴዛ ላይ መታ መታ አድርጉት። አጃው ዝቅ ይላል። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ታክሲ ውስጥ እንደሚገኘው ቦታ፣ ድልድዮቹ ፈርሰው ቅጠሎቹ ይጋደማሉ። በላዩ ስትሞሉበት ክብደቱ ከ100 ግራም ሊያልፍ ይችላል። ሌላም አለ፦ ከረጢት በመንገድ ሲንገጫገጭ ትልልቁ ቅጠል ወደ ላይ ይወጣል፣ ስብርባሪውና ዱቄቱ በክፍተቱ ሾልኮ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ከከረጢቱ አፍ የተሰፈረ ኩባያና ከሥሩ የተሰፈረ ኩባያ እኩል አይመዝኑም።

ሙያዬ የምግብ ሳይንስ ነውና እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብኝ። 90 ግራም ያልኩት ለመካከለኛ ውፍረት ነው፤ ስስ ተደርጎ የተዳመጠ ያንሳል፣ ወፍራሙ ይጨምራል። የክረምት እርጥበት ክብደት ይጨምራል፤ ግን ፍሬውንም ስለሚያሳብጠው በኩባያ ሲሰፈር ልዩነቱ ወዴት እንደሚያደላ ባልደረቦቼና እኔ አንስማማም። ኩባያውም ራሱ አንድ አይደለም፤ የአሜሪካው 237፣ የጃፓኑ 200 ሚሊ ሊትር ነው። የእኛ የሻይ ብርጭቆማ ከሁሉም ያንሳል።

ለጎረቤቴ የነገርኳት ሰንጠረዥ አይደለም። ከሱቅ ሩብ ኪሎ አጃ አስመዝና መጣች፣ እቤት ባለው ኩባያ ሳትጠቀጥቅ ሰፈረችው። ሁለት ሙሉ ኩባያ ሆነ፤ ሦስተኛው ከአፉ ጥቂት ጎደለ። የጎደለበትን ልክ በሚስማር ጫረችና ኩባያውን ከአጃው ጣሳ ውስጥ አስቀመጠችው።