በቡና የሚታጠብ ፊልም

የፊልም ፎቶግራፍ በሁለት በኩል የብር ጉዳይ ነው። አንዱ ኪስ ውስጥ ያለው ብር ነው፤ በተማሪ አቅም ፊልም ልጀምር ያለ ሰው አስቀድሞ የሚያሰላው እሱን ነው። ሌላው ፊልሙ ላይ ያለው ብር፣ ማዕድኑ ነው። ሁለተኛውን በደንብ ያወቀ ሰው ከመጀመሪያው ብዙ ይቆጥባል ብዬ አምናለሁ።

ፊልም በቀጭን ፕላስቲክ ላይ የተቀባ ጄላቲን ነው። ጄላቲኑ ውስጥ የብር ብሮማይድ ደቃቅ ቅንጣቶች ተበትነዋል። የካሜራው ሸተር ለአፍታ ሲከፈት ብርሃን ቅንጣቶቹን ይመታና ከብሮማይዱ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል፤ ኤሌክትሮኑ ደግሞ የብር አዮን ያገኝና ንጹሕ የብር አቶም ያደርገዋል። በአንድ ቅንጣት ላይ እንዲህ ያሉ አራት ያህል አቶሞች አንድ ላይ ከተጠጉ በቂ ነው። በዓይን የሚታይ ነገር የለም፤ ምስሉ ግን እዚያ አለ። ስውር ምስል የሚባለው ይህ ነው።

ፎቶ ቤቶች «ፊልም ማጠብ» የሚሉት ሥራ ይህን ስውር ምስል ያወጣዋል። የማጠቢያው ኬሚካል ኤሌክትሮን ለጋሽ ነው። እነዚያ ጥቂት አቶሞች ያሉበትን ቅንጣት ያገኝና ሙሉ በሙሉ ወደ ጥቁር ብር ይለውጠዋል፤ ብርሃን ያልነካውን ግን ጊዜው እስካልረዘመ ድረስ አይነካውም።

ኤሌክትሮን የሚለግስ ነገር ደግሞ ከኬሚካል መደብር ብቻ አይገኝም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1995፣ የኮዳክ ከተማ በሆነችው በአሜሪካዋ ሮቸስተር፣ የሮቸስተር ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት መምህር ስኮት ዊልያምስ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው ፊልም በቡና ማጠብ እንደሚቻል አሳዩ። ውህዱ ዛሬ ካፌኖል ይባላል። ሥራውን የሚሠራው ካፌይን እንዳይመስላችሁ፤ ካፌይክ አሲድ የተባለው ሌላ ንጥረ ነገርና ዘመዶቹ ናቸው። እነዚህ ውህዶች ከእኛ አረቢካ ይልቅ በሮቡስታ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ስለዚህ የይርጋጨፌን ቡና ለጀበናው ተዉለት፤ ለፊልሙ ርካሹ የሚሟሟ ዱቄት ቡና ይሻለዋል።

ብዙዎች የሚጠቀሙበት ልክ ለአንድ ሊትር ውሃ 54 ግራም የልብስ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ እና 40 ግራም የሚሟሟ ቡና ነው። በዚሁ ቅደም ተከተል እያሟሟችሁ፣ ውህዱ 20 ዲግሪ ላይ ሳለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ለ15 ደቂቃ ይታጠብበታል። ለአንድ ጥቅል 300 ሚሊ ሊትር ያህል ስለሚበቃ ወጪው ትንሽ ነው። የልብስ ሶዳ ካጣችሁ የዳቦ ሶዳን መጥበሻ ላይ በደንብ አቃጥሉት፤ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቅና የምትፈልጉት ሶዲየም ካርቦኔት ይቀራል። ውሃ ላይ የሚፈላው የቫይታሚን ሲ ኪኒን ግን አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ሲትሪክ አሲድ የሶዳውን ኃይል ይሰብረዋል። የውህዱ ሽታ ይከብዳል፣ ሶዳውም ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንት አድርጉ፣ የተጠቀማችሁበትን ዕቃ ወደ ማዕድ ቤት አትመልሱ።

ቡና የማይተካው አንድ ነገር አለ። ብርሃን ያልነካው ብሮማይድ ፊልሙ ላይ ከቀረ ውሎ አድሮ ይጠቁራል። እሱን የሚያሟሟው ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፤ ይህን ጠባዩን እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል በ1819 ደርሶበታል። ፊክሰር የሚባለው ይኸው ነው። ይህንን ግዙ። ደጋግሞ ያገለግላል፤ ሲያልቅ ግን የተሟሟ ብር ስላለበት ቱቦ ውስጥ አትድፉት።

ስለ ካሜራው ብዙ አልልም። ባትሪ የማይሻ፣ በእጅ የሚዞር አሮጌ ካሜራ ይበቃል፤ የሶቪየቱ ዜኒት ኢ ለምሳሌ ከሰከንድ 30ኛ እስከ 500ኛ የሚደርስ ሸተር አለው። ስትገዙ ሌንሱን ወደ መስኮት አቅንታችሁ ሻጋታ እንደሌለው እዩ፤ ሸተሩንም በየፍጥነቱ እየተኮሳችሁ ድምፁን አዳምጡ። ፊልም ስታስገቡ ደግሞ በግራ በኩል ያለችውን መጠቅለያ አትርሱ፤ ፊልሙን ባሳለፋችሁ ቁጥር እሷም አብራ መዞር አለባት። የመጀመሪያ ጥቅሌን ሳጥብ 36ቱም ባዶ ነበሩ፤ የፊልሙ ጫፍ ሳይያዝ ቀርቶ ከቦታው ንቅንቅ አላለም ነበር። በጣም ነበር ያዘንኩት።

የብርሃን መለኪያ ባይኖራችሁም አትቸገሩም። ጠራራ ፀሐይ ላይ አፐርቸሩን 16 አድርጉና የሸተሩን ፍጥነት ከፊልሙ አይኤስኦ ጋር አቀራርቡ፤ ለ100 ፊልም የሰከንድ 125ኛ፣ ለ400 ፊልም 500ኛ። ደመና ሲሆን 8፣ ሜዳ ላይ ያለ ጥላ ሲሆን 4 ክፈቱ። ከተጠራጠራችሁ ብርሃን ጨምሩ፤ ኔጌቲቭ ከጎደለው ይልቅ የተረፈውን ይችላል።

ፊልሙን ወደ ማጠቢያው ጣሳ ስታስገቡ ድፍን ጨለማ ያስፈልጋል፤ ቀይ መብራት እንኳ ለወረቀት እንጂ ለፊልም አይሆንም። መስኮት የሌለው መታጠቢያ ቤት፣ ሌሊት፣ የበሩ ሥር በፎጣ ተደፍኖ። ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ መብራት ማብራት ይቻላል። ፊክሰሩ ከወጣና ፊልሙ በውሃ ከተለቃለቀ በኋላ በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉትና ወደ ብርሃን አሳዩት። ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ይታያችኋል፤ ብዙ ብርሃን የላከው እሱ ስለሆነ ብዙ ብር የቀረውም እሱ ዘንድ ነው።