የጋብቻ ሕግና የእኩልነት ጥያቄ፤ የደቡብ አፍሪካ ልምድ

ጋብቻ በሕግ ዓይን ሲታይ የሁለት ሰዎች ቃል ኪዳን ብቻ አይደለም፤ የውርስ፣ የጡረታ፣ የልጅ አሳዳጊነትና የመኖሪያ ፈቃድ መብቶች የሚፈልቁበት ምንጭም ነው። ስለሆነም ጋብቻ የተነፈገ ሰው የሚያጣው ሥነ ሥርዓቱን ብቻ ሳይሆን እነዚህን መብቶች ጭምር ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የደቡብ አፍሪካን ልምድ አብነት አድርገን ይህን ነጥብ ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የ1996ቱ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት በ9ኛው አንቀጹ በጾታዊ ዝንባሌ ምክንያት የሚደረግ አድልዎን በግልጽ ይከለክላል። ይሁን እንጂ የጋብቻ ሕጉ ከባልና ሚስት በቀር ሌላ ጥምረት ስላላወቀ፣ ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች መብታቸውን በየተራ በክስ ለመጠየቅ ተገደዱ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1999 ለውጭ አገር ተወላጅ አጋር የመኖሪያ መብትን፣ በ2002 ለዳኛ አጋር የጡረታ ጥቅምን፣ በዚያው ዓመት ልጅን በጉዲፈቻ በጋራ ማሳደግን አጸና።

ይህ መንገድ ግን ከባድ ጉድለት ነበረበት፤ እያንዳንዱ መብት የሚገኘው ጠበቃ ለማቆምና ዓመታት ለመጠበቅ አቅም ባለው ሰው ብርታት ነበርና። በዲሴምበር 2005 ፍርድ ቤቱ የጥያቄውን ሥር ነካ። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ዳኛ አልቢ ሳክስ፣ በስደት ሳሉ በ1988 ማፑቶ ላይ መኪናቸው ውስጥ በተጠመደ ፈንጂ ቀኝ ክንዳቸውን ያጡ ሰው ናቸው። ፍርዱ ጥንዶቹን ከጋብቻ ማግለል ሕገ መንግሥቱን እንደሚጥስ ገልጾ፣ ምክር ቤቱ ጉድለቱን በ12 ወር ውስጥ እንዲያርም አዘዘ። አዲሱ ሕግ ኖቬምበር 30 ቀን 2006 ጸና። ሆኖም የመንግሥት አጋቢ ሹም ኅሊናዬ አይፈቅድም ብሎ ጥንዶቹን እንዲመልስ የሚፈቅደው 6ኛው አንቀጽ የተሻረው በ2020 ነው።

የትራንስጀንደር ሰዎች ጉዳይም ከዚህ አይለይም። የ2003ቱ 49ኛ ሕግ በመዝገብ የሰፈረን ጾታ ማስለወጥን ፈቅዷል። ነገር ግን የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ በቀድሞው የ1961 ሕግ የተጋቡ አመልካቾች ማንነታቸውን ለማስመዝገብ በመጀመሪያ ትዳራቸውን እንዲያፈርሱ ይጠይቅ ነበር። በ2017 የኬፕ ታውን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ አሠራር ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ።

በአገራችን በኢትዮጵያ የ2004ቱ የወንጀል ሕግ በ629ኛው አንቀጹ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ስለሚቀጣ፣ የቤተሰብ መብት ጥያቄ ሊነሣ እንኳ አልቻለም። ስለ ነገሩ የእያንዳንዳችን እምነት የተለያየ ሊሆን ይችላል። ይሁንና ሁላችንም አንድ ነገር ልንክድ አንችልም፤ በጽሑፍ የሰፈረ እኩልነት ከመዝገብ ቤቱ መስኮት ካልደረሰ፣ ሸክሙን የሚሸከመው መብቱን የተነፈገው ሰው ራሱ ነው።