ያውቁ ኖሯል? አውሮፕላን ሲወጡ ከሽሮ ሜዳ ይወርዳሉ!

ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ቆመው የሐበሻ ቀሚስ ዋጋ እየተከራከሩ ነው እንበል። የረገጡት መሬት ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል። ማታ በቦይንግ 787 ተሳፍረው 12 ሺህ ሜትር ሰማይ ላይ ነዎት። የሚተነፍሱት አየር ግን ታምቆ የተሞላ ነው፤ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ አገር አየር አይሳሳም! አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ ሳንባዎ ከጉለሌ ቁልቁል ወረደ ማለት ነው!

ሌሎቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖችም ቢሆኑ የውስጥ አየራቸው ከ2,400 ሜትር ከፍታው ብዙም አይሳሳም። ለእንጦጦ ልጅ የትኛውም አውሮፕላን ቆላ ነው!

ሽሮ ሜዳ ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። በ787 ውስጥ ግን እስከ 94 ሊዘልቅ ይችላል! ሰማይ ላይ የፈላ ውሃ ከሰፈርዎ ሻይ ቤት ውሃ ይግላል ቢባሉ ያምኑ ነበር?

ቦሌ የአየሩ ክብደት ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይጎድላል። ሞተሩ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ክንፉም የሚደገፈው አየር ያንሰዋል! ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውም ነዳጅም ጢም ብሎ ሞልቶ መነሣት አይችልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የዋሽንግተን በረራ ለዓመታት ሲሄድ ደብሊን ወይም ሎሜ እየወረደ ነዳጅ ይቀዳ የነበረው ለዚህ ነው። ሲመለስስ? ሲመለስ አንድም ቦታ ሳያርፍ በቀጥታ ቦሌ!

ያ ጉዞ እንግዲህ የሚጀምረው ጉለሌ ነው፤ የአሜሪካ ኤምባሲ ያለው እዚሁ እንጦጦ መንገድ ላይ ነዋ! ቪዛውን እዚህ፣ ጥበቡንም ትንሽ ከፍ ብሎ።

ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲስ የተገዛ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ያለ ማረፊያ አዲስ አበባ ገባ። 12,082 ኪሎ ሜትር፣ 13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ! ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አውሮፕላን እስከዚያች ቀን ድረስ ያን ያህል ርቆ በርሮ አያውቅም ነበር።

አሁን ደግሞ ወደ ሽርሽር በረራ እንለፍ! እኛ ዘንድ በጋው ገብቶ ለጥምቀት ጃንሜዳ ሲሰናዳ፣ እንግሊዝ አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ያን ጊዜ የማንቸስተር ጡረተኛ ለንደን ድረስ ሳይንከራተት ከከተማው ኤርፖርት በኪራይ በረራ፣ ቻርተር በሚሉት፣ ተነሥቶ ባርባዶስ ይወርዳል። የሽርሽር መርከቡ ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል! ሻንጣውንም ራሱ አይጎትትም፤ መኝታ ክፍሉ በር ድረስ ያደርሱለታል። ድሎት ማለት ይህ ነው!

ሒሳቡን ይሥሩት! አንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ ከ3,000 ሰው በላይ ይይዛል። አንድ አውሮፕላን 300 ገደማ። አንዷን መርከብ ለመሙላት አሥር አውሮፕላን! ባዶውንም የሚመለስ የለም፤ ባሕሩን ጠግቦ የጨረሰው ሰው ሻንጣውን ይዞ በዚያው ወንበር ይሳፈራል።

ከነዚህ ሽርሽረኞች ብዙዎቹን የሚያመላልሰው ቱኢ የተባለው ኩባንያ በ787-8 አውሮፕላኑ 300 ያህል ወንበር ይደረድራል። የእኛው አየር መንገድ በዚያው ዓይነት አውሮፕላን 270 ብቻ! ልዩነቱን ጉልበትዎ ያውቀዋል።

ለመሆኑ የኪራይ በረራ የፈረንጅ ፈሊጥ ይመስልዎታል? የኢትዮጵያ አየር መንገድ ገና በ1940ዎቹ አፍላ፣ ዳዴ ሲል፣ በሐጅ ወቅት ምእመናንን በቻርተር ጅዳ ያደርስ ነበር!

የመጀመሪያው በረራ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ካይሮ ነበር። አውሮፕላኑ? ከአሜሪካ መንግሥት የተገዛ፣ ለጦር ሠራዊት የተሠራ ሲ-47! መቀመጫው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተከትሎ የተዘረጋ አግዳሚ ነበር። ፊት ለፊት እየተያዩ፣ እግር ከዕቃ ጋር እየተጋፋ፣ ካይሮ!

በ1955 ዓ.ም. ጄቶቹ ሲመጡ የልደታው አውሮፕላን ማረፊያ አጠራቸው። ቦሌ ተሠራ። ልደታ ግን ሥራው ቢቀየርም ስሙ አልለቀቀውም፤ ዛሬም የታክሲው ረዳት «ኦልድ ኤርፖርት!» እያለ ይጣራል።

አሁን ደግሞ ይያዙልኝ! ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም. በረሃውን በእግራቸው አቋርጠው ሱዳን የገቡ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን በምሥጢር ከካርቱም ወጡ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ብዙ ናቸው። የተረፉትን በሌሊት በብራስልስ አዙሮ ቴል አቪቭ ያደረሳቸው ማን ነው? ጦር ኃይል አይደለም፣ የቤልጅግ የቻርተር ኩባንያ! ኩባንያው ቀድሞ ከሱዳን ሐጃጆችን ወደ መካ ያመላልስ ስለነበር የካርቱም ኤርፖርት ሰዎች አውሮፕላኖቹን ለምደዋቸዋል። ማን ይጠርጥር?

ከዚያም በፊት ሌላ ጉድ ነበር። ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን፣ አሩስ በተባለ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ የጠላቂ ዋናተኞች መዝናኛ ተከፈተ። እውነተኛ አውሮፓውያን ጎብኚዎች ከፍለው ገቡ፣ ዋኙ፣ ተዝናኑ! አስተናጋጆቹ ግን የእስራኤል ሰላዮች ነበሩ። ቀን ለእንግዳ ዓሣ ያሳያሉ፣ ሌሊት ከጎንደር የመጡትን ስደተኞች በጀልባ ያሻግራሉ! እንግዶቹ አንዲት ነገር ሳያውቁ አገራቸው ገቡ።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ጭንቅ ላይ ሳለች በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ቤተ እስራኤላውያን ከቦሌ ወደ እስራኤል ወጡ! ወንበሮቹ ተነቃቅለው ሰዉ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አንዱ ቦይንግ 747 ብቻውን 1,088 ሰው አደረሰ፤ በአንድ አውሮፕላን ይህን ያህል ሰው ተጭኖ አያውቅም። ይበልጥ የሚገርመው ሲያርፍ የተቆጠረው ሰው ሲነሣ ከነበረው መብለጡ ነው። ሁለት ሕፃናት አየር ላይ ተወለዱ! ከዚህ ወዲያ ተአምር የሚሹ አንባቢ ካሉ እጄን ሰጥቻለሁ።

«ንግሥተ ሳባ» የተባለችው የኢትዮጵያ አየር መንገድ 787 ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. ለንደን ሂትሮው ሰው ሳይኖርባት ቆማ እሳት ተነሣባት። እሳቱን ያስነሣው ምን ይሆን? አውሮፕላን አደጋ ሲደርስበት «ያለሁት እዚህ ነው» ብላ የምትጣራዋ ትንሽ መሣሪያ ባትሪ! ጠሪዋ ራሷ አደጋ ሆነች። ንግሥቲቱ ግን ታክማ ወደ ሰማይዋ ተመለሰች።

ወደብ የለንም፣ መርከበኛ ግን አለን! ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጣና አጠገብ የባሕር ላይ መሐንዲሶችን ያስተምራል። ተመራቂው የውጭ መርከብ ላይ ይቀጠራል። ባሕር ስለሌለን ወደ መርከቡ የሚሄደው በምን ይመስልዎታል? በአውሮፕላን! እንደ ማንቸስተሩ ጡረተኛ፣ ልዩነቱ ይኼኛው ለሥራ መሄዱ ነው።

መርከብስ በመኪና ሲሄድ አይተዋል? «ጣናነሽ 2» የተባለችው 150 ቶን የምትመዝን የመንገደኞች ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥታ በከባድ መኪና ተጭና፣ በተራራና በገደል አልፋ፣ በ2017 ዓ.ም. ክረምት ጣና ደረሰች! ውሃ እስክትነካ ድረስ የተጓዘችው በጎማ ነው። በየከተማው ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ በእልልታ ተቀበላት፤ ማን ያያል እንዲህ ያለ ነገር?

እስቲ እርስዎም በሚቀጥለው ጉዞዎ ይህን ይሞክሩ! አንዲት ባዶ ሃይላንድ ጉለሌ ላይ ክዳኗን ጥብቅ አድርገው ይዝጉና በቦርሳዎ ይያዙ። ጅቡቲ ወይም ጅዳ ሲያርፉ ያውጧት። ማንም ሳይነካት ጎኗ ወደ ውስጥ ተሰርጉዶ፣ ተጨማድዳ ያገኟታል! የጨመቃት የባሕር ዳርቻው ወፍራም አየር ነው። ባዶ መሆኗን ብቻ አደራ፤ ውሃ ካለባት ፍተሻው ላይ ይቀሙዎታል!