ውቡ ሾርባና የሩዝ ህዋስ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ወረታ ከመግባቱ በፊት ሐሙሲትን ያልፋል። ከዚያ ወዲያ የፎገራ ሜዳ ነው፤ በክረምት ሩዝ፣ በበጋ በመስኖ ሽንኩርት። የአካባቢው የገበያ ዋጋ በአንድ ድረ ገጽ ላይ በሠንጠረዥ ወጣ እንበል። በአንዱ ረድፍ «ሩዝ»፣ «ሽንኩርት»፣ «ጓያ» የሚሉ ሦስት ህዋሶች አሉ። ገጹን የጻፈው ሰው ቸኩሎ ህዋሶቹን በምልክት (በታግ) ከፈተ እንጂ አልዘጋም። በስልኩ ለሚያየው ነጋዴ ምንም ጉድለት የለበትም፤ ብሮውዘሩ በየቦታው ዘግቶለታል። ጣጣው የሚመጣው ዋጋውን በየሳምንቱ በፕሮግራም ልሰብስብ የሚል ሰው ሲነሳ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የኤክስኤምኤል ደንብ በዚህ ነገር ምሕረት አያውቅም፤ አንድ ምልክት ሳይዘጋ ከተገኘ ንባቡ እዚያው ይቆማል። የድረ ገጽ ዓለም ግን በዚያ ልክ ቢመዘን የሚተርፈው ገጽ ጥቂት ነው። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ሊዮናርድ ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ለፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ያወጣው ቢዩቲፉል ሱፕ የተባለ መሣሪያ የተሠራው እንዲህ ያለውን ገጽ ለማንበብ ነው። «ውብ ሾርባ» ማለት ነው፤ ስሙ የመጣው ከሉዊስ ካሮል የአሊስ ታሪክ ሲሆን፣ ምልክቶቹ የተዘበራረቁበትን ገጽ ባለሙያዎች «የታግ ሾርባ» ማለታቸውም ገጥሞለታል።

ቢዩቲፉል ሱፕ ገጹን እንደ ዛፍ፣ ግንድና ቅርንጫፍ አድርጎ ያቀርባል። «ህዋሶቹን ሁሉ አምጣ» ሲሉት ያመጣል። ንባቡን ግን ራሱ አይሠራውም፤ ከሥሩ ላለ ሌላ አንባቢ ፕሮግራም ይሰጣል። ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ አለ፤ በሲ ቋንቋ ላይ የቆመው ፈጣኑ ኤልኤክስኤምኤል አለ፤ እንደ ብሮውዘር የሚያነበው፣ ግን ዘገምተኛው ኤችቲኤምኤል5ሊብም አለ።

ልዩነታቸው የሚታየው በዚያ የሩዝ ረድፍ ላይ ነው። ኤልኤክስኤምኤልና ኤችቲኤምኤል5ሊብ ሦስቱን ህዋሶች ጎን ለጎን ያቆሟቸዋል። የፓይተኑ አንባቢ ግን ሽንኩርትን በሩዝ ውስጥ፣ ጓያን በሽንኩርት ውስጥ ይከታል። ቁጥሩን የጠየቀ ሰው «ሦስት» የሚል መልስ ያገኛል፤ ልክ ነው። የመጀመሪያው ህዋስ ጽሑፍ ሲጠየቅ ግን የሚመጣው «ሩዝሽንኩርትጓያ» ነው። የስሕተት መልእክት የለም፤ ፕሮግራሙ በሰላም ይጨርሳል። ከጥብቁ ደንብ ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ዝምታ ነው፤ ጥብቁ ቢያንስ ይጮኻል። በመሆኑም አንባቢውን በስም ጠርቶ መምረጥ፣ ከወጣውም ላይ ጥቂት ረድፎችን በዓይን ማየት ግድ ነው።

የአማርኛ ገጽ ደግሞ የራሱ መዘዝ አለው። በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ ገጹ በስሕተት በሌላ ኮድ ከተነበበ አንዱ ፊደል ወደ ሦስት እንግዳ ቁምፊዎች ይበተናል። ቢዩቲፉል ሱፕ ለዚህ «ዩኒኮድ፣ ዳሚት» የተባለ ኮድ ገማች ይዟል (ስሙ ራሱ የተማረረ ሰው እርግማን ነው)። ገማቹ ግን የማይደርስበት አለ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ጽሑፍ የተጻፈው እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ነው። በእነዚህ ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ ግዕዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ቢዩቲፉል ሱፕ ምልክቶቹን አስተካክሎ የላቲኑን ዝብርቅርቅ እንዳለ ያስረክባል። ስለዚህ የፎንቱን ስም የያዘው ምልክት ለጽዳት ተብሎ መጣል የለበትም፤ የትኛው የመቀየሪያ ሠንጠረዥ እንደሚያስፈልግ የሚናገረው እሱ ነው።

ገጹ ሁሉ ተስተካክሎ ካለቀ በኋላም የከተማዋ ስም ይቀራል። አንዱ ጸሐፊ «ሐሙሲት»፣ ሌላው «ሀሙሲት»፣ ሦስተኛው «ሃሙሲት» ይላታል። ለሰው አንድ ከተማ ናት፤ ለፓይተን ሦስት። ይህን ቢዩቲፉል ሱፕ አይነካውም፤ ዋጋ ሰብሳቢው ሐንና ሃን ወደ ሀ የሚመልስ አጭር መስመር ራሱ ይጽፋል፣ ከዚያ የሐሙሲትን ረድፎች መቁጠር ይጀምራል።